አብነቱ የማን ነው?

አዲስ መጽሐፍ ለማሰናዳት ብሎ የኅትመት ፕሮግራም የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ባዶ ገጽ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ምን ዓይነት መጽሐፍ ልታዘጋጅ አስበሃል? ይለዋል። ከጥያቄው ሥር ትንንሽ ሥዕሎች ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ልብ ወለድ፣ የኪስ መጽሐፍ፣ የጥናት ጽሑፍ፣ የልጆች መጽሐፍ፣ የምግብ አሠራር… ከዳር ደግሞ «ባዶ» የሚል አንድ ነጭ አራት ማዕዘን። ሰውየው ጥቂት ያመነታል፤ ዓይኑን የሳበውን ይመርጣል፤ ወዲያው ወደ ሥራው ይገባል፤ ጥያቄውንም ይረሳዋል። እኔ ግን እላለሁ፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያ ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ፣ የገጹ ስፋት፣ የስንኙ ርዝመት፣ አንባቢው የሚተነፍስበት ቦታ ሳይቀር፣ ሳያስብ የሰጣትን ያችን መልስ ተከትሎ ይሄዳል።

ይህን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መነሻ ፈረንጆቹ «ቴምፕሌት» ይሉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ «አብነት» እለዋለሁ። ቃሉን የወደድሁት አማርኛ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። አብነት የሚከተሉት፣ አይተው የሚሠሩበት ምሳሌ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ፊደል የሚቈጥርበትና ዜማ የሚቀጽልበት ትምህርት ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። አብነት ያለ ባለቤት አይገኝም። ከኋላው ሁልጊዜ ቀድሞ የሠራ፣ ለራሱ ችግር መፍትሔ ያገኘ አንድ ሰው ቆሟል። ስለዚህ አብነት የሚመርጥ ሰው «የትኛው ያምራል?» ከማለቱ በፊት «የማን ነው? ለየትኛው ችግር ተሠራ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ ለመፍረድ አይደለም። ጥፋቱን በገዛ እጄ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

* * *

አጎቴ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ የወረዳ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ጨረሱት። ባረፉ ጊዜ ከራስጌያቸው ከነበረው ሣጥን ውስጥ ሦስት የተማሪ ደብተሮች ተገኙ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ ከሰሌዳ ላይ በምናውቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈታቸው የተጻፉ ግጥሞች ናቸው። ስንቈጥራቸው 58 ሆኑ፤ ከአንድ ገጽ የሚያልፍ አልነበረባቸውም። ቤተሰቡ ተመካክሮ ለሙት ዓመታቸው መጽሐፍ ሆነው እንዲደርሱ ወሰነ። «ኮምፒዩተር ያውቃል» ተብሎም ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ጊዜው አጭር ነበር። ፕሮግራሙን ከፈትሁ፤ ጥያቄው መጣ፤ ከሥዕሎቹ አንዱ ዓይኔን ያዘው። የኪስ ልብ ወለድ አብነት ነው። ገጹ 108 በ175 ሚሊ ሜትር፤ ከላይ ቀጭን መስመር የተሰመረበት፤ ምዕራፍ ሲጀምር አንድ ትልቅ ፊደል ሦስት መስመር ይዞ የሚቆምበት… «መጽሐፍ ማለት እንዲህ ነው» አልሁ በልቤ። ግጥም የሚል ሥዕል በመካከላቸው አልነበረም፤ እኔም አልፈለግሁትም። እያንዳንዱን ግጥም እንደ አንድ ምዕራፍ አድርጌ አስገባሁት። ለስንኞቹም አብነቱ ለረዥም ጥቅስ ያሰናዳውን፣ ከግራም ከቀኝም ገባ የሚለውን አቀማመጥ ሰጠኋቸው፤ ገባ ማለቱ የግጥም ወግ መስሎኝ ነው። 500 ቅጂ ታተመ።

በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ጸሎቱ ደርሶ ምሳው ከተነሣ በኋላ፣ የአጎቴ ባለቤት ከመጽሐፉ ጥቂት እንዲያነቡልን ተጠየቁ። እትዬ አብዛኞቹን ግጥሞች በቃላቸው ይዘዋቸዋል፤ አጎቴ ማታ ማታ እያነበቡላቸው ኖረዋልና። መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ቆም አሉ። ገጹን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የእሳቸው አይደለም። እሳቸው እዚህ ጋ አይተነፍሱም» አሉኝ።

በአጎቴ ደብተር ላይ ስንኞቹ እንዲህ ነበሩ፦

መንገድ መስሎኝ ነበር፣ የሄድሁበት ሁሉ፤
ለካስ እኔ ቆሜ፣ ሰዎች ይሄዳሉ።

እኔ ባሳተምሁት መጽሐፍ ላይ ግን እንዲህ ሆነው ወጥተዋል፦

መንገድ   መስሎኝ   ነበር፣   የሄድሁበት
ሁሉ፤
ለካስ እኔ ቆሜ፣ ሰዎች ይሄዳሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስል ይሆናል። አንድ ቃል ነው አንድ መስመር ወደ ታች የወረደው። ነገር ግን ይህ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም ተብሎ ይታረፋል፣ ስድስት ቀለም ተብሎ ቤት ይመታል። «ሁሉ» የስንኙ ቤት መድፊያ ናት፤ «ይሄዳሉ» የምትመልሰው ለእርሷ ነው። ከስፍራዋ ስትወድቅ ጥሪውና መልሱ ተለያዩ። ደግሞም የአንድ መምህር ዕድሜ፣ በፊቱ እያለፉ ወደየዓለማቸው የሄዱት ተማሪዎች፣ ያልሄደበት መንገድ፣ ያ ሁሉ የተጠቀለለው በዚያች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ውስጥ ነበር። እኔ ከባልንጀሮቿ ነጥዬ ብቻዋን ጣልኋት።

* * *

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ስሌቱ ቀላል ነው። የገጹ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው። ኅዳጉ ከሁለቱም ወገን 14፣ 14 ሲወስድ 80 ይቀራል። የጥቅሱ አቀማመጥ ከግራና ከቀኝ 8፣ 8 ሲቀንስ 64 ይቀራል። የአጎቴ ስንኝ ደግሞ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ሳንቈጥር ከነነጠላ ሰረዙና ከነድርብ ሰረዙ 21 ምልክት አለው፤ እኔ በመረጥሁት ፊደልና መጠን ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ይፈልግ ነበር። ቦታው ሲያልቅበት ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ፤ የተረፈችውን ቃል ወደ ታች አወረዳት። አብነቱ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር እንዲያስተካክል የተሠራ ስለ ነበርም የቀሩትን ቃላት ኅዳጉን እስኪነኩ ጐትቶ በመካከላቸው ጕድጓድ ከፈተ። ልብ ወለድ ቢሆን ማንም ባልተጎዳ። ስድ ንባብ እንደ ውኃ የተቀዳበትን ዕቃ መልክ ይይዛል። ስንኝ ግን ዐጥንት አለው፤ የማይበቃው ዕቃ ውስጥ ሲጨምሩት ይሰበራል።

ሌሎቹን ጥፋቶች ያየሁት ከዚያ በኋላ፣ መጽሐፉን እንደ ባዕድ ሰው ሆኜ ስገልጠው ነው። አብነቱ ይዞት የመጣው የላቲን ፊደል ነበር፤ ግእዝ ስላልነበረው ፕሮግራሙ ሳይነግረኝ ሌላ ፊደል ተክቶልኛል፤ የመስመሮቹን ርቀት ግን እንደ ነበረ ትቶታል። በላቲን ጽሑፍ አብዛኞቹ ትንንሽ ፊደላት ከላይም ከታችም አየር ይተዋሉ፤ የእኛዎቹ ግን አብዛኞቹ ቁመታቸውን ሞልተው ይቆማሉ። ስለዚህ ለእነርሱ የሚበቃው ርቀት ለእኛ ያፍናል። በየግጥሙ መጀመሪያ ሦስት መስመር ይዞ የቆመው ትልቅ ፊደልም ቢሆን ዐቢይና ንኡስ ፊደል ላለው ጽሕፈት የተፈጠረ ጌጥ ነው። በእኛ ዘንድ «አባቴ» የሚለውን ቃል «አ» እና «ባቴ» ብሎ ለሁለት ከመክፈል በቀር ያመጣው ነገር የለም። ለአጽንዖት ብዬ ያዘነበልኋቸው ቃላት ደግሞ ነፋስ የገፋው አጥር መስለዋል፤ በግእዝ ጽሕፈት ዘንባላ የተለመደ አይደለምና።

ከሁሉ በላይ ኪስን የጎዳው ግን ሌላ ነው። አብነቱ ማንኛውም ምዕራፍ በቀኝ ገጽ እንዲጀምር ያዛል። ይህ በረዥም ልብ ወለድ ላይ መልካም ወግ ነው፤ ሃያ ምዕራፍ ቢኖር የሚባክነው ጥቂት ገጽ ነው። እኔ ግን 58 ባለ አንድ ገጽ ግጥሞችን «ምዕራፍ» ብዬ ስላስገባሁ ከእያንዳንዱ ግጥም ጀርባ አንድ ባዶ ገጽ ተፈጠረ። በማተሚያ ቤት 16 ገጽ በአንድ ላይ ታትሞ ሲታጠፍ አንድ ጥራዝ ይሆናል። 58ቱ ግጥሞች ከስድስት የመግቢያ ገጾች ጋር 64 ገጽ፣ ማለትም አራት ጥራዝ ይበቃቸው ነበር። በእኔ አሠራር ግጥሞቹና ጀርባዎቻቸው ብቻ 116 ገጽ ሆኑ፤ ከመግቢያውና ከማውጫው ጋር ስምንት ጥራዝ ፈጁ። ወረቀት በብዛት ከውጭ በሚገባበት አገር የቤተሰቡን ገንዘብ እኩሌታ ለባዶነት ከፈልሁ ማለት ነው። ይህን ያዘዘ ሰው አልነበረም፤ አብነቱን ስመርጥ አብሮ ገባ።

* * *

አሁን ወደ ባለቤቱ ጥያቄ ልመለስ። ያ ያማረኝ የኪስ መጽሐፍ የማን ነበር?

የኪስ መጽሐፍ ነገር ሲነሣ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በቬኒስ ይሠራ የነበረ አልዱስ ማኑቲዩስ የሚባል አታሚ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ1501 የሮማውን ባለቅኔ የቨርጂልን ሥራ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መጠን አሳተመ። ገጹን ያሳነሰው ግን እንዲሁ አይደለም። ጠባብና ዘንበል ያለ፣ የእጅ ጽሕፈትን የሚመስል አዲስ ፊደል አስቀርጾ ነበር፤ ዛሬ ኢታሊክ የሚባለው ዘንባላ ፊደል ከዚያ ይጀምራል። ፊደሉና ገጹ አንዱ ለሌላው የተለኩ ነበሩ። የሰውየው ስም ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ፔጅሜከር የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ያወጣው ኩባንያ «አልዱስ» ተብሎ የተሰየመው በእርሱ ስም ነው።

እንግዲህ እኔ የሠራሁት ስሕተት ምን እንደ ሆነ ይታያችሁ። የአልዱስን ትንሽ ገጽ ወሰድሁ፤ ገጹን ያስቻለውን ጠባብ ፊደል ግን አልወሰድሁም፤ መውሰድም አልችልም። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ አካል ተሸክሞ ይሄዳል። የሌላውን ሰው መልስ ያለ ጥያቄው ተበደርሁ።

የራሳችን አብነት ባይኖር ኖሮ ማመካኛ ይሆነኝ ነበር። ነገር ግን አለ፤ ያውም ከማተሚያ መኪና ያረጀ። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ከፍቆና ካለሰለሰ በኋላ ወዲያው ብዕር አያነሣም። መጀመሪያ በወስፌ ዳር ዳሩን ይወጋል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም ያሰምራል። ያ ስመራ አብነት ነው። ስንት ዓምድ፣ ስንት መስመር፣ ምን ያህል ኅዳግ እንደሚሆን ፊደል ሳይጻፍ ተወስኗል። አወሳሰኑም እንደ መጽሐፉ ጠባይ ነው። ወንጌል በሁለት ዓምድ ይጻፋል፤ ትልልቆቹ መጻሕፍት ሦስት ዓምድ የሚይዙበት ጊዜ አለ። መዝሙረ ዳዊት ግን በአንድ ሰፊ ዓምድ ይሰመራል፤ እያንዳንዱ የመዝሙር ሐረግ የራሱን መስመር ይዞ እንዲቆም ነው። በዚያው ጥራዝ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ላይ ሲደርስ ደግሞ ገጹ ወደ ሁለት ዓምድ ይለወጣል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ እጅ፣ ሁለት አብነት። ጽሑፉ ሲለወጥ ስመራው ይለወጣል።

የመዝሙሩ ሐረግ ከመስመሩ ሲተርፍስ? ጸሐፊው የተረፉትን ጥቂት ፊደላት እንደ አዲስ መስመር አያስጀምራቸውም። ከዚያው መስመር ጫፍ ላይ፣ ከበላዩ ወይም ከበታቹ፣ አነስ አድርጎ ያስጠጋቸዋል። አንባቢው ሐረጉ አለማለቁን ያውቃል፤ በተሳሳተ ቦታ አይተነፍስም። ለጅማሬ ክብር ሲፈልግም አንዱን ፊደል ከቃሉ ቆርጦ አያተልቅም፤ የመክፈቻዎቹን መስመሮች በቀይና በጥቁር እያፈራረቀ ይጽፋል፤ ከበላያቸው ሐረግ ይስላል። እኔ በፕሮግራሙ ውስጥ የተደናበርሁባቸው ነገሮች ሁሉ፣ ስንኝን ማኖር፣ ትርፍን ማስጠጋት፣ ጅማሬን ማክበር፣ በብራናው ላይ መልስ ነበራቸው። የጠየቅሁት ግን ብራናውን አልነበረም።

በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ራሱ ዳዊት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ታተመ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ ቋንቋውን በዚያው በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት የተማረ ሰው ነው። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ስሙን እስከ መሳሳት ደርሷል። ቢሆንም ለሥራው መነሻ ያደረገው የብራና ዳዊት ነበር። የቋንቋውን ስም በቅጡ ያላወቀው እንግዳ ከየት እንደሚጀምር አውቋል፤ ቋንቋው የአፍ መፍቻዬ የሆነው እኔ ግን ከሥዕል መደርደሪያ ላይ ያማረኝን አነሣሁ።

* * *

ይህን ሳወራ የሚመጡብኝ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ።

የመጀመሪያው «እንግዲያው አብነት የሚባለውን ትቶ ከባዶ መጀመር ነዋ!» የሚል ነው። የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ባለሞያዎች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ፤ ግን አልስማማም። «ባዶ» የተባለውም ገጽ ባዶ አይደለም። በአሜሪካ ልማድ የተሠራ ከሆነ 216 በ279 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአሜሪካውያን ወረቀት ይዞ ይከፈታል፤ ፊደሉ ተመርጧል፤ ቋንቋው ተመዝግቧል፤ የመስመሩ ርቀት ተለክቷል። ባዶነቱ ውሳኔዎቹን የማያሳይ መሆኑ ብቻ ነው። ደግሞስ ማን ከባዶ ጀምሮ ያውቃል? ቁም ጸሐፊው ከመምህሩ ስመራ ተነሣ፤ ፖትከን ከብራናው ተነሣ። አብነት መያዝ አያሳፍርም፤ የማያውቁትን አብነት መያዝ ነው አደጋው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል። «አንባቢ ይህን አያስተውልም፤ ቁም ነገሩ ቃሉ ነው» ይላሉ። እኔም እስከዚያች የሙት ዓመት ዕለት ድረስ እንዲህ ሳልል አልቀረሁም። ነገር ግን እትዬ ስለ ኅዳግም ስለ ነጥብ መጠንም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ያወቁት ባላቸው በዚያ ቦታ እንደማይተነፍሱ ነው። አንባቢ ስሕተቱን በስሙ ላይጠራው ይችላል፤ ሲያነብ ግን ይሰናከላል። ሲሰናከልም ጥፋቱን የሚያየው በገጹ ላይ አይደለም፤ «ገጣሚው ቤት መምታት አይችልም» ብሎ በሟች ላይ ይፈርዳል። ሟች ደግሞ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አልጻፍሁም» ሊል አይችልም።

ከኅትመት አስቀድሞ፣ ለድርሰቱ ለራሱ የሚሠሩ ፕሮግራሞች መኖራቸውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስክሪቭነር አንዱ ነው፤ የልብ ወለድ አብነቱን የመረጠ ደራሲ ምዕራፍና ትዕይንት የሚያኖርበት ክፍል፣ የገጸ ባሕርይና የቦታ መግለጫ ቅጽ ተዘጋጅቶለት ያገኛል። ለብዙዎች ጠቃሚ ነው። እኔ የምለው አንድ ብቻ ነው፤ ታሪኩ እንደ ወግ፣ እንደ ደብዳቤ ወይም እንደ ለቅሶ ግጥም ተያይዞ የሚፈስ ከሆነ፣ ደራሲው ክፍሎቹን ለመሙላት ብሎ ታሪኩን እንዳይቆራርጠው ይጠንቀቅ።

* * *

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከጥፋቴ የተማርሁትን ላካፍል፤ ሌላ ሰው በ500 ቅጂ እንዳይማረው።

ከረዥሙ ስንኝ መጀመር ይገባል። ከመጽሐፉ ሁሉ ረዥሙን ስንኝ ፈልጎ፣ በተመረጠው ፊደልና መጠን ጽፎ፣ በማስመሪያ ይለኩት። ገጹ ከዚያ ይበልጥ ዘንድ ግድ ነው። የወል ቤት ብቻ ከሆነ አነስተኛ ገጽም ሊበቃ ይችላል፤ ስምንት ስምንት ቀለም የሚሄደው የጸጋዬ ቤት ካለበት ግን 148 በ210 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከኤ5 ማነስ አልመክርም። ገጽ ተመርጦ ግጥም አይጨመርበትም፤ ግጥም ተለክቶ ገጽ ይመረጥለታል።

ቀጥሎ፣ አብነቱን በሥዕሉ አይመኑት። ከመጽሐፉ ውስጥ አስቸጋሪ የሆኑትን ሦስት ገጾች፣ ለምሳሌ ረዥም ስንኝ ያለበትን፣ የግእዝ ቁጥር ያለበትንና ማውጫውን፣ አስገብተው አትመው በወረቀት ይዩት። ከዚያም ጮክ ብለው ያንብቡት። ጆሮ የሚይዘውን ስሕተት ዓይን ያሳልፈዋል።

አብነቱ ያመጣውን ጌጥና ደንብ ደግሞ አንድ በአንድ «አንተ ለምን መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትልቁ ፊደል፣ ዘንባላው፣ የመቅድሙን ገጾች የሚቈጥረው የሮማውያን ቁጥር፣ የቀኝ ገጽ ደንቡ… በእኛ ጽሕፈት ሥራ ያለው ይቆይ፤ የሌለው ይሰናበት። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ አብነቶች ይለያያሉ፤ ላቴክ በተባለው ውስጥ «ቡክ» የሚለው አብነት ካልከለከሉት ምዕራፍን በቀኝ ገጽ ያስጀምራል፤ «ሪፖርት» የሚለው ግን ባገኘው ቀጣይ ገጽ ላይ ይጀምራል። ይህን አንዲት ልዩነት ባውቅ ኖሮ እነዚያ ባዶ ገጾች በቀሩ። ሁለት አብነቶች ሲያመነቱኝም ዛሬ እምብዛም ያላጌጠውን እመርጣለሁ። የጎደለውን መጨመር ይቀላል፤ የተደበቀውን ፈልጎ መንቀል ግን አድካሚ ነው።

የመጨረሻው የጋራችን ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ን የመሳሰሉ በነጻ የሚገኙ ፊደሎች አሉ፤ ስክራይበስን የመሰለ በነጻ የሚታደል የገጽ ማቀናበሪያም አለ። የሚያስፈልገን ለአማርኛ ግጥም፣ ለአማርኛ ልብ ወለድና ለአማርኛ ተውኔት ታስበው የተሠሩ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ አብነቶች ናቸው። አንድ ጥሩ መጽሐፍ ያሰናዳ ሰው ያንን መነሻ ገጽ ለወዳጁ ቢሰጥ፣ ወዳጁም አሻሽሎ ለሌላው ቢያቀብል፣ የቁም ጸሐፊው ስመራ በኮምፒዩተር ውስጥ ቀጠለ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ለሁለተኛው እትም ያዘጋጀሁትን የግጥም አብነት ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ጌጥ የለውም። ገጹ ኤ5 ነው፤ መስመሩ ይተነፍሳል፤ ግጥም ካለፈው ግጥም ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ ይጀምራል፤ ከስንኝ የተረፈ ቃል ቢኖር ወደ ቀኝ ተጠግቶ ያድራል፤ ወደ ግራ ተመልሶ አዲስ ስንኝ አይመስልም።

ሁለተኛው እትም ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤ ወደ እትዬ ሄድሁ። ተቀበሉኝ፤ መርቀውም አስቀመጡት። ሲያነቡ ያገኘኋቸው ግን የመጀመሪያውን ነበር፤ ያንን የተበላሸውን። ሳፍር አይተው ሰጡኝ። በየገጹ፣ ብቻዋን የወደቀችውን ቃል ሁሉ፣ በእርሳስ ከበው ወደ ስንኟ ጫፍ በቀጭን መስመር መልሰዋታል። «ሁሉ»ም እንዲሁ ከ«የሄድሁበት» አጠገብ፣ ከመስመሩ በላይ፣ በትንሽ ፊደል ተጽፋለች። ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ፤ ከየት እንደ ተማሩት መጠየቅ አላስፈለገኝም።